ቶሎ ያላደረሰው ዕቃ

«ይቺ ሴትዮ የማን ናት?» አለች አክስት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እታለም ጆሮ ጠጋ ብላ።

እታለም ቀና ብላ አየች። ሴትየዋ በሩ አጠገብ ባለው የፕላስቲክ ወንበር ጫፍ ላይ፣ አሁኑኑ ልትነሳ እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሰው ሲገባ ከፍ፣ ሰው ሲወጣ ዝቅ የሚል የይሉኝታ ልቅሶ አይደለም፤ ዝም ብሎ ይወርዳል። ሰማያዊ ሻርፕ አድርጋለች። የእጅ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ጨብጣዋለች፤ የቦርሳው ማንገቻ ስፌቱ ለቋል። እታለም በሐዘን መካከል እንኳ የለቀቀ ስፌት ከዓይኗ አያመልጥም።

«የሥራ ባልደረባው ትሆናለች» አለች።

«በዚህ ዕድሜዋ ሞተር ትነዳለች?»

«እንግዲያው የሠፈር ሰው ናት።»

«ሠፈሩን እኔ አላውቀውም? ትናንትም መጥታ ነበር፤ እዚያው ወንበር ላይ። ከእኛ በላይ አልቅሳ ሄደች፤ ዛሬ ደግሞ ደገመችው።» አክስት ቅር ብሏታል። ሟቹ የወንድሟ ልጅ ነው፤ በልቅሶ የሚበልጣት ሰው መገኘቱን በቀላሉ የምታልፈው ነገር አልነበረም።

አራተኛው ቀን ነበር። ቤቱ ሁለት ፊት አለው። በመንገዱ በኩል ያለው ጠባብ ክፍል የጫማ መስፊያ ሱቃቸው ነው፤ ከአራት ቀን ወዲህ በሩ ተዘግቷል። ከጓሮ የሚገባበት ሰፊው ክፍል ግን ሰው ሲሞላበትና ሲጎድልበት ይውላል። ሻይ ይዞራል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ሰው ይንሾካሾካል። የሚመጣው ሁሉ «ተገላገለ እኮ፣ ስቃዩ በዛ» ይላታል። እታለም ይህን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። ከምኑ ነው የተገላገለው? ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። ከነገ ነው የተገላገለው።

ትክክለኛ ስሙን ሰው ከረሳው ቆይቷል፤ ሁሉም ቶሎ ነበር የሚለው። በሰባት ወሩ ተወለደ። ሳይድህ ቆመ፣ መቆሙን ሳይጨርስ ሮጠ። እናታቸው የሞተች ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር፤ እታለም ሃያ። ከዚያ ወዲህ እናቱም እህቱም እሷ ሆነች፤ እታለም የሚለውን መጠሪያም ያወጣላትና ለሠፈሩ ሁሉ ያስለመደላት እሱ ነው። አባባ የሚጣደፈውን ልጃቸውን ባዩ ቁጥር «የቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» እያሉ ይተርቱበት ነበር፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው ተረት ወጥቶ ቀረ። ሲያድግ ወስፌና ክር አስይዘውት ሞከሩት። አንድ ጫማ ሰፍቶ ሳይጨርስ ሦስት ጊዜ መንገድ ወጥቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ሞተር ገዛና ዕቃ አድራሽ ሆነ። ሥራና ሰው እንዲያ ልክክ ሲሉ እታለም አይታ አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ አጣልቷቸው ኖረ። ቶሎ ጫማ ሲያደርግ ክሩን ፈትቶ አያውቅም፤ ተረከዙን ረግጦ፣ እየጎተተ ይወጣል። ለጫማ ሰፊ ቤት ይህ እንደ ስድብ ነው። እታለም በየማታው የተረገጠውን ተረከዝ በአውራ ጣቷ እየገፋች ታቃናለች፣ እሱ በየጠዋቱ ይረግጠዋል። «አንድ ቀን እንኳ ሰው ሁን» ትለዋለች። «እታለም፣ ሰው ለመሆን ጊዜ የለኝም» ይላታል፣ ደረጃው ላይ ሆኖ።

ሴትየዋ ተነሳች። ክፍሉን አቋርጣ መጥታ እታለም ፊት ቆመች።

«እርስዎ ነዎት እታለም?»

«አንቺ ይበሉኝ። ማን ልበል?»

«የልጅቷ እናት ነኝ። ቶሎ… የበሽታ ዘመዴ የሚላት ልጅ እናት።»

እታለም የሻይ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ልጅቷን አይታት አታውቅም፤ ግን ሦስት ወር ሙሉ ስለሷ ስትሰማ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ጭኑ ላይ ነው። ቶሎ እብጠቱን ያመካኘው በሞተሩ ኮርቻ ነበር። የመጀመሪያው ሐኪም ቤት ጅማት ነው አለ። ሁለተኛው ከእብጠቱ የጥፍር ያህል ቁራጭ ወሰደና ካንሰር ነው፣ የትኛው እንደሆነ ግን አናውቅም አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው አሥራ አራት ወር መንገድ ነው። ሐኪም ቤቱ ያቺን ቁራጭ ሥጋ በሰም ደፍኖ፣ አስፈርሞ ሰጣቸው፤ የሄዱበት ሁሉ እሷን ይጠይቃልና። ከሷ ስስ ስስ እየቆረጡ፣ በመስታወት ላይ እያደረጉ፣ በማጉያ እያዩ አንዱ ይህ ነው አለ፣ ሌላው አይደለም አለ። የመድኃኒት ዓይነት ሦስት ጊዜ ተለወጠበት። ቶሎ ጸጉሩን ተላጭቶ ሲመጣ፣ አባባ እንዳያዩት እታለም ኮፍያ በኮፍያ አደረገችው።

እሱ ግን ሰሟን እኔ ራሴ ካላደረስኩ አለ። በሞተር፣ ከቀዝቃዛ ውሃ ጠርሙስ ጋር አስሮ ያደርሳታል። ለደንበኞቹ ከሚቆርጠው የማድረሻ ወረቀት ለራሱም ይቆርጥ ነበር፦ ላኪ፣ እኔ። ተቀባይ፣ እኔ። ዕቃ፣ እኔ። ካርድ ክፍል ያሉት ሴቶች እስኪያነቡት ጠብቆ ይስቃል።

በመጨረሻ ከሰሟ የተቆረጠ ስስ ነገር ባሕር ማዶ ተላከና ስም ይዞ ተመለሰ። ከብዙ ሺህ ሰው አንዱን የሚይዝ፣ ስሙ እንኳ ለምላስ የማይመች ካንሰር ነው። ለሱ ተብሎ የተሠራ እንክብል አለ። ለቶሎ ግን ሳንባው ላይ ደርሶ ነበር፤ እንክብሉ ሦስት ወር ጨመረለት እንጂ አላዳነውም። ያን ዕለት እታለም በረንዳ ላይ ተደብቃ ስታለቅስ፣ እሱ ክፍሉ ውስጥ ሞተረኛ ጓደኞቹን አንድ በአንድ እየደወለ ያበስራቸዋል። «ስም አለው! ሰምታችኋል? ስም አለው» ይላቸዋል። አሥራ አራት ወር ስም የሌለው ነገር ሲያባርረው የኖረ ሰው ደስታ ምን እንደሆነ ያኔ አልገባትም ነበር።

ልጅቷን ያገኛት ከዚያ በኋላ፣ የሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ሃያ ዓመቷ፣ ያው ጭን፣ ያው ግራ የተጋባ ሐኪም። ቤት ሲመለስ ዓይኑ በርቶ ነበር። «እታለም፣ ዘመድ አገኘሁ» አላት።

አሁን እናትየው ፊቷ ቆማለች።

«እኔ አስተማሪ ነኝ» አለች ሴትየዋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ልጆችን አትንተባተቡ፣ የምትፈልጉትን በግልጽ ተናገሩ እያልኩ ነው የኖርኩት። ትናንት ስመጣ ማረፉን አላወቅሁም ነበር። ወንበሮቹን አየሁና ገባኝ። አፌ አልከፈት ብሎኝ አልቅሼ ሄድኩ። ዛሬ ካልተናገርኩ ግን ልጄ እግሯን ታጣለች።»

«ይቀመጡ» አለች እታለም።

«አልቀመጥም እህቴ። ከልጄ የወሰዱት ናሙና በጣም ትንሽ ነው። የላብራቶሪዋ ሐኪም እንደ ቶሎ ያለ ነው ብላ ትጠረጥራለች። የሚለይ ማቅለሚያ አላት። ግን ቁርጡ የታወቀ ናሙና አብሮ ካልተቀለመ ውጤቱን ማንም አያምነኝም አለች። በዚህ ከተማ ቁርጡ የታወቀ አንድ ብቻ ነው። የወንድምሽ ነው። ነገ ጠዋት ሐኪሞቹ ይሰበሰባሉ። ስሙ ከታወቀ እንክብሉን ይጀምሩላታል። ካልታወቀ እግሯን ከጭኗ ሊቆርጡ ወስነዋል። የማቅለሚያው ማሽን ዛሬ ቀትር ላይ ሥራ ይጀምራል፤ ከዚያ በፊት ካልገባ ለነገ አይደርስም።»

እታለም የግድግዳውን ሰዓት አየች። ለቀትር ሰባ ደቂቃ ቀርቶታል።

ቶሎ ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው እጇን ይዞ «እታለም፣ ያላደረስኩት ዕቃ አለ» ብሏት ነበር። ትኩሳቱ ነው ብላ ግንባሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰችለት። «እሺ፣ ነገ ታደርሰዋለህ» አለችው። ያን ማሰቧ ደረቷ ላይ እንደ መዶሻ አረፈባት። ግን ከሐዘኑ ጋር ሌላም ነገር አብሮ መጣ፣ ከአራት ቀን ወዲህ ያልነበረ ነገር። ልቧ ሮጠ። አሁን የሚሠራ ሥራ አለ።

«አለ» አለች እየተነሳች። «እኔ ጋ ነው። ይምጡ።»

«ወዴት?» አለች አክስት።

«ሱቅ።»

«ለቅሶ ቤት ሰው ትቶ ሱቅ ይኬዳል? ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል።»

የሱቁን የውስጥ በር ከፈተች። የቆዳና የማስቲሽ ሽታ ተቀበላቸው። ከድንጋዩ ባንኮኒ ሥር፣ ፀሐይ በማይደርስበት፣ የስፌት ክር የሚቀባበት የክር ሰም የሚቀመጥበት መሳቢያ አለ። ሐኪሞቹ «ሙቀት አይንካው» ባሉ ጊዜ ከቤቱ ቀዝቃዛውን ቦታ የመረጠችው እሷ ራሷ ናት። ሰም ከሰም ጋር ይኑር ብላ፣ ያቺን የቶሎ ሰም በትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን አድርጋ፣ ከክር ሰሞቹ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከታዋለች። ያኔ ብልህነት መስሏት ነበር።

ቆርቆሮውን አውጥታ ከፈተችው። ከላይ የተጣጠፈ ወረቀት አለ፤ የቶሎ ጽሑፍ ነው፣ የሚሮጥ የሚመስል። ላኪ፦ ቶሎ። ተቀባይ፦ የበሽታ ዘመዴ። ዕቃ፦ እኔው፣ በከፊል። ማሳሰቢያ፦ ፀሐይ አታስነኩኝ። ከታች የተቀባይ ፊርማ ይልና ባዶ ነው።

አስተማሪዋ ከትከሻዋ በላይ አንብባ አፏን በሻርፗ ያዘች።

ከወረቀቱ ሥር አምስት የክር ሰም አለ፣ ቢጫና ቡናማ። ትንሿ የፕላስቲክ ሣጥን ክዳኗ ተከፍቶ ተቀምጣለች። ባዶ ናት።

እታለም ቆርቆሮውን ባንኮኒው ላይ ገለበጠችው። ሰሞቹን አንድ በአንድ አየች። መሳቢያውን ነቅላ አወጣች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሚስማር፣ ቁልፍ፣ የተሰበረ ዚፕ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ታኮ ወለሉ ላይ ተበተነ። አስተማሪዋ በመልካሙ ቀሚሷ ተንበርክካ ባንኮኒው ሥር ትዳብሳለች። ድምፁን ሰምታ የመጣችው አክስት በሩ ላይ ቆማ ይህን ሁሉ አየች፤ ከዚያ ምንም ሳትጠይቅ መጥረጊያ አንስታ የቆዳ ቁርጥራጩን መበተን ጀመረች። ምን እንደሚፈለግ አታውቅም፤ ሰው ሲፈልግ አይታ መቆም ግን አትችልም።

«ማን ነው እዚህ የገባው?» አለች እታለም። «ቤቱን ሲያጸዱ ማን ገባ?»

«እኔ ነኝ የገባሁት።»

አባባ ነበሩ። በጥቁር ኮታቸው፣ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። «ምን ጠፋብሽ ልጄ?»

«አንቺ ሰው አትቆጪ» አለች አክስት ወደ እታለም፣ «በሁለተኛው ቀን ከለቅሶው መሐል ጠፍተው እዚህ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሲሰፉ። ምን ልበላቸው?»

«መቀመጥ አቃተኝ» አሉ አባባ። «ሰው ሁሉ ያየኛል። እጄ ምንም ሳይዝ መዋል አልለመደም። የልጁ ጫማ ሶሉ ለቆ ነበር፤ እሱን ሰፋሁት።» በጣታቸው ወደ ባንኮኒው ጫፍ ጠቆሙ። የቶሎ ጫማ እዚያ አለ፤ ዙሪያውን አዲስ ስፌት፣ ጥርስ በመሰለ አሰላለፍ። ተረከዙ እንደተረገጠ ነው።

እታለም ስፌቱን አየች።

«አባባ» አለች ቀስ ብላ፣ «ክሩን በየትኛው ሰም ነው የቀቡት?»

«አንዷ አዲስ ነበረች፤ መያዣ ያላት፣ ከጀርባዋ ፕላስቲክ። ዘመናዊ ናት ብዬ አነሳኋት። ምንም አትረባም። ደረቅ! ክሩ አልቀባ ብሎኝ ተናደድኩባት።» አሮጌ ጫማ ሰፊ ሰሙን እንደሚያለሰልስ ሁሉ እጃቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። «ቢሞቃት ይሻላታል ብዬ…»

አወጧት። ሁለት ቀን ሙሉ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ኪሳቸው ውስጥ ሲያሞቋት ነበር።

እታለም ተቀበለቻት። ከመሐሉ የጥፍር ያህል ጠቆር ያለች ነገር ያለባት ነጭ ሰም፤ ጀርባዋ ላይ ሐኪም ቤቱ የጻፈው ቁጥር። ፊቷን አቋርጦ ክር ያለፈበት ቦይ ተሰምሯል። አልቀለጠችም። አባባ የእታለምን ፊት አዩና ጠረጠሩ።

«ምንድን ናት?»

ውሸት ቢኖራት ትዋሽ ነበር፤ ጊዜ አልነበራትም። «የቶሎ ናት። ያቺ ሲያመላልሳት የነበረችው።»

«በልጄ ነው ክር የቀባሁት?» አሉ አባባ። ባንኮኒውን ይዘው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

ሌላ ቀን ቢሆን እታለም አብራቸው ትቀመጥ ነበር። አሁን ግን ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመቻቸውና «አባባ፣ የሚያስፈልጋቸው ስስ ቁራጭ ነው፤ ከቦዩ ሥር ተርፏል» አለቻቸው። እውነት ይሁን አይሁን አታውቅም። «አክስቴ፣ አብረሻቸው ሁኚ። ሰው ከጠየቀ…»

«ራሷን አሟት ተኝታለች እላለሁ» አለች አክስት። «ሂጂ። ምን ያቆምሻል?»

ሰሟን በሣጥኗ፣ ሣጥኗን በእርጥብ ጨርቅ፣ ጨርቁን በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አደረገች። ወረቀቱንም ጨመረች። የመንገዱን በር ስትከፍት በቤት ነጠላ ጫማ መሆኗን አየች፤ አንዱም ማሰሪያው የተበጠሰ ነው። የጫማ ሰፊ ቤት ጫማ ሁሌም እንደዚያ ነው። የራሷን ለማምጣት በሰው መካከል ማለፍ ሊኖርባት ነው። ከባንኮኒው ላይ የቶሎን አንስታ እግሯን አስገባች። ክር ለመፍታት ጊዜ አልነበራትም። ተረከዙን ረግጣ ወጣች።

አስተማሪዋ ያስቆመችው ታክሲ ሁለት መታጠፊያ እንደሄደ ቆመ። ፊት ለፊት የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ አሸዋ ያራግፋል። ከኋላ ጡሩንባ ይጮኻል። ለቀትር ሠላሳ አምስት ደቂቃ።

«እርስዎ በዚህ ይምጡ» አለች እታለም፤ በሩን ከፍታ ወረደች።

አርባ ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ወዲህ ሮጣ አታውቅም። ቆርቆሮውን በደረቷ አቅፋ፣ ጫማው ከኋላዋ ጧ ጧ እያለ፣ ጥቁር ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ሮጠች። የፍራፍሬ ሻጭ ዞሮ አያት። አንዲት ሴት «ምን ሆነች?» አለች። የጫማው ድምፅ ግን የምታውቀው ድምፅ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከደረጃው ላይ ስትሰማው የኖረችው። ቶሎ አብሯት የሚሮጥ እስኪመስላት ድረስ አዳመጠችው። ሳቋ መጣ። እንባዋም መጣ። ሁለቱንም አልከለከለቻቸውም።

ማዕዘኑ ላይ ዕቃ አድራሾቹ ሞተራቸውን ደርድረው ቆመዋል። ለለቅሶ ሊመጡ ነበር፤ ሁሉም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል። ከሁሉ ወፍራሙ፣ ጎማው የሚሉት የቶሎ ጓደኛ፣ የራስ ቁሩን እንደያዘ ፈዞ ቀረ።

«እታለም? ምን ተፈጠረ?»

«ዕቃ አለኝ» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ሐኪም ቤት። ላብራቶሪ። ከቀትር በፊት። የቶሎ ዕቃ ነው።»

ጎማው ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ለዕቃ አድራሽ አድራሻና ሰዓት ከተነገረው በቂ ነው። ቶሎ ሞተር ከገዛበት ቀን ጀምሮ «በሕይወቴ እዚህ ላይ አልወጣም» ስትል የኖረችው ሴት የራስ ቁር አጥልቃ ከኋላው ወጣች። ሁለቱ ሌሎች ከፊት ከፊት ሄደው መንገድ ያስለቅቁላት ጀመር። በመኪናዎቹ መካከል፣ እጅ በማያስገባ ክፍተት ሲያልፉ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ኋላ ግን ከፈተችው። ነፋሱ ፊቷን መታት። ከተማው በሁለት በኩል ይሮጣል። ይህን ነበር በየቀኑ የሚያየው ብላ አሰበች፤ አንድም ቀን እንዴት ነው ብላ እንዳልጠየቀችው ትዝ አላት።

ላብራቶሪው ምድር ቤት ነው። ሐኪሟ አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን አናቷ ላይ ሰቅላ መነጽሯን ስትፈልግ አገኟት። ለቀትር አሥራ አንድ ደቂቃ ይቀራል።

«አመጣሽው?» አለች፣ ሰሟን ከእታለም እጅ እየተቀበለች። ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጋ አየቻት። ፊቷ ተኮሳተረ። «ይሄ ምንድን ነው? ማን ነው የሰነጠቀው?»

«አባታችን ጫማ ሰፊ ናቸው። ክር ቀቡበት።»

ሐኪሟ መነጽሯን አናቷ ላይ አገኘችውና አደረገችው። ቦይዋን በጥፍሯ ጫፍ ተከተለች።

«አባትሽን አንድ ነገር ንገሪልኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔ የምፈልገው ከጸጉር የቀጠነ ነው። እሳቸው ያለፉት ከላይ ከላዩን ነው። እጃቸው ደግሞ ከብዙ ሠራተኞቼ የቀና ነው።» ዞር ብላ ልትገባ ስትል እታለም ክንዷን ያዘቻት።

«ይፈርሙልኝ።»

«ምኑን?»

ወረቀቱን ሰጠቻት። ሐኪሟ ቆማ አነበበችው፤ እስከ ታች። ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች፣ ቀለሙ አልወርድ አላት፣ ነቀነቀችው፣ ፈረመች። ሰዓቱንም ጻፈችበት። «ይሄንን ልጅ አውቀዋለሁ» አለች። «ካርድ ክፍሎቹን የሚያስቀው።» ከዚያ በሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ሰው ሞልቶበት ነበር። እታለም ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች። አባባ ከጎኗ ናቸው፤ ሌሊቱን ሲገላበጡ ነው ያደሩት። በየጥቂት ደቂቃው «ሐኪሟ የነገረችሽን ድገሚልኝ» ይሏታል፤ እሷም ከጸጉር የቀጠነ ስለሚለው ትደግምላቸዋለች። አክስት ለሚመጣው ሁሉ ትናንት እታለምን ራሷን አሟት እንደነበር ታስረዳለች፤ በሦስተኛው ሰው ላይ ራስ ምታቱ ወደ ልብ ድካም አድጓል።

ስልኩ ጠራ። አስተማሪዋ ናት። መጀመሪያ የተሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ይናገሩ» አለች እታለም። «አይንተባተቡ።»

«ያው ነው» አለች አስተማሪዋ። «ሁለቱ ጎን ለጎን፣ አንድ ዓይነት ቀለም። አልጠረጠሩም እንኳ። እግሯን አይነኩትም። እንክብሉን ጽፈውላታል። እታለም፣ ስም አለው።»

ስም አለው። ያቺ ልጅ ካንሰሯ ምን እንደሆነ ተነገራት፤ ይህ የምሥራች ነው ቢባል ማን ያምናል? እታለም ግን ከሆዷ የመጣ ሳቅ ሳቀች፤ ጮክ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ በለቅሶ ቤት መሐል። ሻይ የያዙ እጆች በአየር ላይ ቆሙ። አንዲት ባልቴት አማተቡ። ቶሎ ያን ዕለት በየስልኩ ለምን እንደጮኸ፣ በሰባት ወሩ የተወለደው ልጅ ከሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንዳይጠብቅ አሥራ አራቱን ወር ቀድሞ እንደሮጠለት፣ አሁን ገባት። ያን ያህል ደስ ብሏት አያውቅም፤ ያን ያህልም ናፍቋት አያውቅም።

አባባ ክንዷን ጨበጡ። «ደረሰ?»

«ደረሰ አባባ። ተፈርሞበታል።»

አባባ እንደገና አልጠየቁም። እጃቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና ጭናቸው ላይ አሳረፉት። አክስት ግን ወደ እንግዶቹ ዞር ብላ «ሐዘን ሲበዛ ያስቃል» ስትል አስረዳች፣ በእርግጠኝነት።

ሰው ሲሳሳ እታለም ወደ ሱቁ ገባች። ትናንት የበተነችውን ሚስማርና ዚፕ ሰብስባ ወደ መሳቢያዎቹ መለሰች። ሐኪሟ የፈረመችበትን የቶሎን ወረቀት ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር ላይ ሰካችው። ከዚያ በር ሥር ያለውን ጫማ አነሳች። አቧራ ጠጥቷል፤ የአባባ ስፌት ግን አልላላም፣ አንድም ክር አልተነሳም።

በርጩማው ላይ ተቀምጣ አውራ ጣቷን ወደ ተረከዙ ሰደደች፤ ሃያ ዓመት ማታ ማታ እንዳደረገችው። የቀኙን ገፍታ አቃናችው። የግራውንም አቃናችው። ጎን ለጎን ባንኮኒው ላይ አቆመቻቸውና አየቻቸው፤ የማንም ጫማ ይመስላሉ።

ሁለቱንም ተረከዞች በአውራ ጣቷ፣ ቀስ ብላ፣ ቶሎ እንደረገጣቸው አድርጋ መልሳ ተጫነቻቸው።